ልዑል ዓለማየሁ፡ ከደላንታ ሜዳ ጨረታ እስከ ዊንድዘር መቃብር

በአውሮፓውያኑ 1868 ኤፕሪል ወር፣ ከመቅደላ አምባ ማዶ ባለው የደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀናት ጨረታ ተካሄደ። ለሽያጭ የቀረቡት ዘውዶች፣ መስቀሎች፣ ጽዋዎች፣ የብራና መጻሕፍት፣ ጋሻዎችና አልባሳት ነበሩ። ተጫራቾቹ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖችና ከጦሩ ጋር የመጡ ሰብሳቢዎች ሲሆኑ፣ ገንዘቡ የሚከፋፈለው ለተራው ወታደር ነበር። ከዚሁ ሠራዊት ጋር ወደ ባሕር እንዲጓዝ የተወሰነበት አንድ የሰባት ዓመት ልጅም ነበር። እሱ ለጨረታ አልቀረበም። ይሁንና ከአባቱ ቤት የተወሰዱት ዕቃዎችና እሱ የተጓዙበት መንገድ አንድ ነበር፤ የሁለቱም ጉዳይ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም።

ልዑል ዓለማየሁ የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ነው። የተወለደው በ1861 ኤፕሪል ወር በደብረ ታቦር ነበር። እናቱ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በ1855 ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ፤ ካሣም በዚያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ስለዚህ የልዑሉ ወላጆች ጋብቻ የድል አድራጊና የተሸናፊ ቤት ጋብቻ ነበር። ልጁ ግን የሁለቱም ቤቶች ወራሽ ሆኖ ተወለደ።

ዓለማየሁ ነፍስ ማወቅ በጀመረበት ወቅት የአባቱ መንግሥት እየጠበበ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። ንጉሠ ነገሥቱም ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስል ቻርልስ ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እስረኞቹን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳምም ራሱ ታሰረ። በዚህ የተነሳ የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13 ሺህ ያህል ወታደር ያለበት ጦር ከሕንድ አዘመተ።

ዘመቻው የየብስ ብቻ ሳይሆን የባሕርም ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ሰው፣ እንስሳትና ስንቅ ጭነው በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ አራገፉ። የመርከብ ማራገፊያና የባቡር ሐዲድ ተሠራ፤ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ከሕንድ መጡ። ከመርከቦቹ የተውጣጡ መርከበኞች የሮኬት ምድብ አቋቁመው እስከ መቅደላ ዘለቁ። በስቅለት ዕለት፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1868፣ በአሮጌ ሜዳ የተደረገው ውጊያ በጥቂት ሰዓታት ተጠናቀቀ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዞቹ አምባውን ሲወጡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

ወታደሮቹ ወዲያውኑ ዝርፊያ ጀመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቡት ንዋየ ቅድሳትና በርካታ ጥንታዊ መጻሕፍት ተበረበሩ። የተሰበሰበውን ወደ ደላንታ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉ። ጨረታው 5 ሺህ ፓውንድ ያህል አስገኘ፤ ለአንድ ወታደር የደረሰው 4 ፓውንድ ገደማ ነበር። ከተጫራቾቹ መካከል በብሪታኒያ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ይገኝበታል። ሆልምስ ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትን ሰበሰበ። የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋም ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ።

ሆልምስ ለሙዚየሙ ያላስረከበው አንድ ነገር ነበር። ይህም ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲወጡ ይዘውት ይዘምቱ የነበረው፣ መኳንንትም ይማሉበት የነበረው የኩርዓተ ርእሱ ሥዕል ነው። ሥዕሉን ለራሱ አስቀርቶ ለብዙ ዓመታት ደበቀው። ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን በሚገኘው ክሪስቲስ አጫራች ቤት ተሸጠ። በ1950 ዳግም ለጨረታ ቀርቦ አንድ የፖርቱጋል የሥነ ጥበብ ተመራማሪ ገዛው። የአንድ አገር ነገሥታት የቃል ኪዳን ሥዕል እንዲህ ባለ መንገድ ከሟች ሰው ንብረትነት ወደ ግለሰብ ሀብትነት ተሻገረ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ተጓዙ። ጉዟቸው ግን አልተፈጸመም። በሜይ ወር አጋማሽ በመንገድ ላይ ታመው አረፉ፤ በትግራይ ጨለቆት ቤተ ክርስቲያንም ተቀበሩ። የለበሱት ቀሚስ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ዓለማየሁ በአንድ ወር ልዩነት አባቱንም እናቱንም አጣ።

ከዚያ በኋላ ልጁን የማሳደግ ኃላፊነት በካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ላይ ወደቀ። ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ ብለው የሚጠሩት ይህ ቁመተ ረጅም መኮንን አማርኛ ያውቅ ነበር፤ ቀድሞም የዐፄ ቴዎድሮስ አገልጋይ ሆኖ ሠርቷል። ልጁ ሌሊት ሌሊት በፍርሃት እየባነነ ከስፒዲ አልለይ ይል ነበር። ጉዞውን አብረውት የጀመሩት የታሪክ ጸሐፊው አለቃ ዘነብ እንግሊዝ አልደረሱም። ልዑሉ በጁን ወር ከዙላ ፌሮዝ በተባለችው መርከብ ተሳፍሮ ከጄኔራል ናፒየር ጋር ወደ ስዊዝ ተጓዘ። ከእስክንድርያ ደግሞ ኧርጀንት የተባለች መርከብ ወደ ፕሊመዝ ወደብ ወሰደችው። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀይ ባሕርን፣ ሜዲትራኒያንንና አትላንቲክን አቋረጠ።

በጁላይ ወር በዋይት ደሴት በሚገኘው የኦስቦርን ቤተ መንግሥት ከንግሥት ቪክቶሪያ ጋር ተገናኘ። ንግሥቲቱ ለልጁ አዘኑለት፤ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜም ስለ እሱ ይጠይቁ ነበር። በዚያው ደሴት ስመ ጥሯ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ምስሉን አነሳች። በፎቶዎቹ ላይ ሸማ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ጌጥ ያለው፣ ዓይኖቹ ርቀው የሚያዩ ሕፃን ይታያል። ምስሎቹ በሽያጭ ተሠራጩ፤ የልዑሉ ሐዘን ራሱ ለገበያ የቀረበ ያህል ሆነ።

ስፒዲ በሕንድ ሹመት ሲያገኝ ዓለማየሁን ይዞት ሄደ። ልጁ ከእሱና ከባለቤቱ ጋር የቤተሰብ ኑሮ ለመደ። ይህም አልዘለቀም። በ1871 መንግሥት ልጁ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት እንዲማር ወሰነ፤ ከስፒዲም ለየው። ዓለማየሁ ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አልባ ሆነ ማለት ይቻላል።

በቸልተንሃም ኮሌጅ በርዕሰ መምህሩ ቶማስ ጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጠ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ረግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ተከትሏቸው ሄደ። በጨዋታና በስፖርት ተወዳጅ ነበር፤ በትምህርት ግን አልገፋም። አማርኛው ከአፉ ጠፋ። አያቱ ወይዘሮ ላቂያየ ከኢትዮጵያ የጻፉለት ደብዳቤ የናፍቆት ነበር፤ እሱ ግን አገሩን የሚመልስበት ሥልጣንም ገንዘብም አልነበረውም። ወዴት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚኖርና ምን እንደሚማር የሚወስኑት ሌሎች ነበሩ።

በ1878 ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። የአባቱን መንግሥት ያፈረሰው ጦር መኮንኖች በሚሠለጥኑበት ግቢ ውስጥ ደስታ አላገኘም፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ተወ። ከዚያም በሊድስ ከተማ ዳርቻ ሄዲንግሊ ውስጥ ሲረል ራንሰም በተባለው መምህሩ ቤት ተቀመጠ። እዚያው በሳንባ ሽፋን ሕመም ታመመ። ሕክምናና ምግብ አልቀበልም ያለባቸው ቀናት ነበሩ። ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። በንግሥት ቪክቶሪያ ትእዛዝ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። የመቅደላውን ዝርፊያ ለሙዚየም የሰበሰበው ሪቻርድ ሆልምስ በዚያን ጊዜ የዊንድዘር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ልጁና ሰብሳቢው በአንድ ግቢ ተገናኙ።

ዓለማየሁ ከሞተ በኋላ የዕቃዎቹ ታሪክ ቀጠለ። በአንጻሩ ጥቂቶቹ ቀደም ብለው ተመልሰው ነበር፤ በ1872 አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ለዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተላከ። ራስ ተፈሪ በ1924 እንግሊዝን በጎበኙበት ወቅትም አንድ ዘውድ እንዲመለስ ተወሰነ። አብዛኞቹ ግን በሁለት ቦታዎች ቀሩ። አንደኛው የመንግሥት ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የብሪታኒያ ሙዚየም በ1963 በወጣው ሕግ መሠረት ከስብስቡ ዕቃ አውጥቶ የመስጠት ሥልጣኑ እጅግ የተገደበ ነው። 11 ታቦታትም ለሕዝብ በማይታይ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ይገኛሉ።

ሁለተኛው ቦታ የግለሰቦች ቤት ነው። ከደላንታ ሜዳ የገዙ መኮንኖችና መርከበኞች ዕቃውን ወደ መኖሪያቸው ወስደው ለልጅ ልጆቻቸው አወረሱ። ወራሽ ሲሞት ወይም ቤት ሲሸጥ ንብረቱ ለአጫራች ቤት ይሰጣል። አጫራቹ ዕቃውን መርምሮ ከየት እንደመጣ ይጽፋል፤ ግምት ያወጣለታል፤ ከባሕር ኃይል ሜዳሊያዎች፣ ከመርከብ ሰዓቶችና ከአሮጌ ካርታዎች ጎን በመዝገብ ያሰፍረዋል። በዚህ ገበያ የመቅደላ ስም ዋጋን ከፍ ያደርጋል። የዝርፊያው ማስረጃ የዕቃው የምስክር ወረቀት ሆኖ ያገለግላል።

በ2021 በእንግሊዝ ደቡብ የባሕር ዳርቻ አካባቢ በምትገኘው ብሪድፖርት ከተማ የእጅ ጽሑፍ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ቀረቡ። በዘመቻው ከተሳተፈ መኮንን ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ በመቃወሙ ከጨረታ ወጡ። ሼሄራዛድ የተባለ ፋውንዴሽን ገዝቶ ከሌሎች ቅርሶች ጋር ለኢትዮጵያ አስረከበ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በኒውካስል የዝርፊያው ዕለትና የመቅደላ ስም የተቀረጸበት ጋሻ ለጨረታ ቀርቦ በተመሳሳይ ተቃውሞ ተነሳ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

እነዚህ ክንውኖች አስደሳች ቢሆኑም አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሳሉ። ለተዘረፈ ዕቃ ዋጋ መክፈል ባለቤትነትን ለዘራፊው ማጽደቅ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ዕቃው በማይታወቅ ሰው እጅ ገብቶ ለትውልድ ከሚጠፋ በገንዘብም ቢሆን ማስመለስ ይሻላል ይላሉ። ሕጉ የግል ባለቤትን አያስገድድም፤ አይከለክልምም። ስለዚህ የሙዚየሞች በር በሕግ ሲዘጋ፣ በአንድ ቤተሰብ ሕሊና የሚከፈት በር አለ።

ይህ በ2023 ታይቷል። የስፒዲ ቤተሰብ ዘሮች ለትውልድ ጠብቀው ያቆዩት የልዑል ዓለማየሁ ጸጉር ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጠ፤ በዚሁ ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ ታቦትም ተመልሷል። ጸጉሩን ለማስመለስ ጨረታም ግዢም አላስፈለገም። በዚያው ዓመት ግን የልዑሉን አጽም ለማስመለስ የቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ቀድሞም በ2007 ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ቤተ መንግሥቱ የሰጠው ምክንያት መቃብሩን መክፈት በአቅራቢያው ያረፉትን ሌሎች ሰዎች ሳያውክ አይቻልም የሚል ነው።

የዓለማየሁ ሕይወት ከ18 ዓመት አልዘለለም። ከእነዚህም 11ዱን የኖረው ሌሎች በመረጡለት ቦታ ነው። የእናቱ መቃብር በጨለቆት፣ የአባቱ ዝና በመቅደላ፣ የእሱ አጽም በዊንድዘር ይገኛል። ጸጉሩ ከባሕሩ ማዶ ወደ ወገኖቹ እጅ ሲመለስ፣ የቀረው አካሉ ግን ዛሬም የሌሎችን ውሳኔ እየጠበቀ ነው።