ኦቶ ዋርቡርግና ያልተጠበቀው ሁለተኛ ካንሰር

በሕክምና ታሪክ ስማቸው ከካንሰር ጋር ተያይዞ ከሚነሣው ሊቃውንት አንዱ ኦቶ ሃይንሪሽ ዋርቡርግ ናቸው። የተወለዱት በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ኦክቶበር 8 ቀን 1883 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አባታቸው ኤሚል ዋርቡርግ የታወቁ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። ኦቶ በበርሊን በታላቁ የኬሚስትሪ መምህር በኤሚል ፊሸር ሥር ተምረው በ1906 የዶክትሬት ማዕርግ ካገኙ በኋላ፣ በዚሁ ሳይወሰኑ በ1911 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተር ሆኑ።

የምርምራቸው መነሻ የባሕር ጃርት እንቁላል ነበር። እንቁላሉ ዘር ተቀብሎ መከፋፈል ሲጀምር የሚፈጀው ኦክሲጅን ከቀድሞው ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር በ1908 አስታወቁ። ከዚህም ተነሥተው በፍጥነት የሚያድገው የካንሰር ሕዋስ እንዲሁ ከጤነኛው የበለጠ ኦክሲጅን ይፈጃል ብለው ገመቱ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰው በበርሊን ዳሌም ሥራቸውን ከቀጠሉ በኋላ፣ በ1923 የአይጥ የካንሰር ዕጢ በስሱ እየቆረጡ በማኖሜትር ሲመረምሩ ያገኙት ግን ሌላ ነገር ሆነ። የኦክሲጅኑ ፍጆታ ከግምታቸው ጋር አልተስማማም፤ ይልቁንም ሕዋሱ ኦክሲጅን ሳያጣ ብዙ ግሉኮስ እየፈጀ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጥ ነበር።

በ1931 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ሳይሆን የሕዋስን አተነፋፈስ የሚያካሂደውን ኤንዛይም ጠባይና አሠራር ስለ ገለጡ ነው። በናዚ ዘመን፣ በአባታቸው በኩል ከአይሁድ ወገን በመሆናቸው በ1941 ከሥራ ቢወገዱም፣ ብዙ ሳይቆዩ ወደ ምርምራቸው ተመለሱ።

ዋርቡርግ ከግኝታቸው ላይ የካንሰር ዋናው ምክንያት የሕዋሱ አተነፋፈስ መበላሸት ነው የሚል ድምዳሜ ጨምረው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ጸኑበት። የኋላው ምርምር ግን በብዙ የካንሰር ሕዋሳት አተነፋፈሱ እንዳልጠፋ፣ የበሽታውም መነሻ በአብዛኛው የጂን ለውጥ መሆኑን አስረዳ። ድምዳሜው ሲወድቅ የለኩት ነገር ጸንቶ ቆመ። ኦገስት 1 ቀን 1970 በበርሊን በ86 ዓመታቸው ሲያርፉ የዚህ ልኬት ትልቁ ፍሬ ገና አልታየም ነበር።

በ1976 በአሜሪካ በፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤፍ.ዲ.ጂ. የተባለ፣ ጨረር አመንጪ ፍሎሪን የተያያዘበት ግሉኮስ መሰል ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ይህ ንጥረ ነገር እንደ ግሉኮስ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ነገር ግን እንደ ግሉኮስ ተቃጥሎ ስለማያልቅ እዚያው ይከማቻል፤ የተከማቸበትም ቦታ በፔት መሣሪያ ደምቆ ይታያል። በ1998 ፔትንና ሲቲን ያጣመረው የመጀመሪያ መሣሪያ በፒትስበርግ ሥራ ሲጀምር፣ የደመቀው ቦታ በየትኛው አካል ላይ እንዳለ አብሮ ለማየት ተቻለ።

ይህ ምርመራ አብዛኛውን ሰውነት በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ፣ ስለ ሳንባ ካንሰር በተላከ ታማሚ ትልቅ አንጀት ወይም ታይሮይድ ዕጢ ላይ ማንም ያልጠረጠረው ድምቀት የሚገኝበት ጊዜ አለ። ድምቀቱ የፊተኛው ካንሰር ስርጭት ነው ከተባለ፣ ታማሚው ከመዳን ተስፋ ውጭ ተቆጥሮ ቀዶ ሕክምናው ሊቀርበት ይችላል። ራሱን የቻለ ሁለተኛ ካንሰር ከሆነና በጅምሩ ከተገኘ ግን ሁለቱንም ለማዳን አስቦ ማከም ይቻል ይሆናል። ዋረንና ጌትስ በ1932 ያወጡት መመዘኛ እንደሚለው፣ ሁለቱም ዕጢዎች ካንሰርነታቸው የተረጋገጠ፣ እርስ በርሳቸው የተለዩ፣ አንዱም የሌላው ስርጭት ያልሆነ መሆን አለባቸው።

ይህን ሁሉ ድምቀት ብቻውን አይወስንም። በታይሮይድ ላይ በአንድ ቦታ ተወስኖ ከሚታየው ድምቀት ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ሲሶ ያህሉ ነው። ብግነትና ሳንባ ነቀርሳም ግሉኮስን ስለሚስቡ፣ እንደ ኢትዮጵያ ሳንባ ነቀርሳ በሚበዛባቸው አገሮች ጥንቃቄው ሊጠነክር ይገባል። በአንጻሩ እንደ ፕሮስቴት ካንሰር ያሉት ብዙ ጊዜ እምብዛም ስለማይደምቁ፣ ያልደመቀ ቦታ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ዋርቡርግ በ1923 መሣሪያቸው ያሳየውን ተቀብለው የቀድሞ ግምታቸውን ስለ ተዉ ለታላቅ ግኝት በቁ፤ በኋላ ግን ድምዳሜያቸውን ከማስረጃው አስቀደሙ። ምስል የሚያነብ ሐኪምም ያልተጠበቀ ድምቀት ባየ ጊዜ ስርጭት ነው ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ ከቦታው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ማሳሰብ ይገባዋል፤ በዚያች አንዲት ቃል የታማሚው ሕክምና በሙሉ ይለወጣልና።