ጃንሆይና የቃላቸው ዕዳ



በ1954 ዓ.ል. ክረምቱ ሲገባ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር አንድ ረጅም ደቡብ አፍሪቃዊ ጠመንጃ መተኮስ፣ ፈንጂ ማጥመድ፣ ሸክም አዝሎ ረጅም መንገድ መጓዝ ይማር ነበር። ሰውየው ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። ስልጠናው ለወራት እንዲቆይ ቢታሰብም ድርጅታቸው ስለጠራቸው አቋርጠው ሄዱ፤ አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ተያዙና ለሃያ ሰባት ዓመት እስር ቤት ገቡ። የኮልፌ ልጆች ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሲያጫውቱ ደረታቸውን ነፋ ማድረጋቸው የሚያስወቅስ አይደለም። ሰው በቆዳው ቀለም ሳቢያ በገዛ አገሩ ሁለተኛ ዜጋ መሆኑን ለመቃወም የተነሣ ታጋይ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ አድሯልና።

ዛሬ ላወሳ የፈለግሁት ግን እንግዳውን ሳይሆን አስተናጋጁን ነው። ያን ሰፈር ለማንዴላ የከፈቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ውድ አንባቢያን፣ እስቲ በዚያ ክረምት ከሰፈሩ አጥር ወዲህ ማዶ ቆመን እንመልከት። ከስልጢና ከጉራጌ አገር እየመጡ በምዕራብ አዲስ አበባ ጎጆ የቀለሱ፣ መርካቶ ወርደው በንግድና በጉልበት ሥራ የሚያድሩ ሙስሊሞች ነበሩ። የዒድ ቀን ሲደርስ መሥሪያ ቤት ክፍት፣ ትምህርት ቤት ክፍት፣ ፍርድ ቤት ክፍት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሙስሊም ወይ አለቃውን መለመን፣ ወይ መቅረትና የሚመጣበትን መቀበል ነበረበት። በአጥሩ ውስጥ የሌላ አገር ሰው ለእኩልነት ይሠለጥናል፤ ከአጥሩ ውጭ የአገሩ ሰው ለአንድ ቀን ሶላት ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለቱም በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ ነው።

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ል. በሐረር አቅራቢያ በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አገሩ የሙስሊም አገር ነው። ከመወለዳቸው አምስት ዓመት በፊት የምኒልክ ጦር በጨለንቆ ድል አድርጎ ሐረርን ይዟል፤ አባታቸው ራስ መኮንንም የከተማይቱ ገዥ ሆነዋል። በከተማይቱ መሀል መስጊድ የነበረበት ቦታም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። እንግዲህ ሕፃኑ ተፈሪ አዛን እየሰማ፣ የሙስሊም ጎረቤት እያየ፣ ነገር ግን ገዥው ወገን ማን ተገዥው ማን እንደሆነ ሳይነገረው እያወቀ ነው ያደገው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ልዩ መብት ያለው መሆኑ አይታየውም፤ ዓሣ ውኃውን አያየውምና። በዚህ እሳቸውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በ1903 ዓ.ል. ወይዘሮ መነንን አገቡ። ወይዘሮ መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ በ1870 ዓ.ል. በቦሩ ሜዳ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ሃይማኖታቸውን እስኪለውጡ ድረስ የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ነበሩ። ስለዚህ የንጉሠ ነገሥቱ ልጆች ቅድመ አያት ኢማም ነበሩ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ዝምድና በአንድ አልጋ ዙሪያ እያለ፣ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ል. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር። ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ተባሉ። የክሱን እውነትና ሐሰት ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የማይካደው ነገር ለአንድ መስፍን ለሙስሊም መቅረቡ ብቻ ዘውድ የሚያስነጥቅ ወንጀል ሊሆን መቻሉ ነው። ተፈሪ ወደ ዙፋኑ የወጡበት መሰላል አንዱ ርብራብ ይህ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ል. ዘውድ ጫኑ።

ከዚያ ፋሺስት ኢጣሊያ መጣ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ል. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው፣ ትንሹ ሕዝብ ከትልቁ እኩል መብት ከሌለው የዓለም ሕግ ባዶ ወረቀት እንደሚሆን ተናገሩ። ያ ንግግር ታላቅ ንግግር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዘመን ከነበሩት ነገሥታትና መሪዎች መካከል እንዲያ ያለውን ቃል ኃያላኑ ፊት ቆሞ የተናገረ ጥቂት ነው። እኛም ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንኮራበታለን። በዚያው ሰሞን ግን ኢጣሊያ ለሙስሊሙ መስጊድ እየሠራችና ቃዲ እየሾመች ልቡን ልትገዛ ትሞክር ነበር። ለቅኝ ገዥ ዓላማዋ እንጂ ለእስልምና ብላ እንዳልሆነ ማንም አይስተውም። ሙስሊሙም በአርበኝነት ደሙን አፍስሷል፤ ዑመር ሰመተርን የመሰለ ጀግና ማስታወስ ይበቃል። የሚያሳዝነው፣ ወራሪ ጠላት በአምስት ዓመት የሰጠውን የገዛ መንግሥት ለመስጠት መቸገሩ ነው።

በ1933 ዓ.ል. ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ፤ አገሩ የሁሉ፣ ሃይማኖቱ የእያንዳንዱ ነው የሚለው የታወቀው ሐሳባቸውም በየአደባባዩ ይነገር ጀመር። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የጽሑፌ ፍሬ ነገር ያለው እዚሁ ነውና።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉን እንይ። በ1936 ዓ.ል. የወጣው የሚሲዮናውያን ድንጋጌ አገሪቱን በሁለት ከፈላት። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚበዙበት አገር ለውጭ ሰባኪዎች ዝግ ሆነ፤ ሙስሊሙ የሚኖርበት አገር ክፍት ሆነ። የአንዱ ቤት መዝጊያ ተሠራለት፣ የሌላው ቤት መዝጊያ ተነቀለ። በ1948 ዓ.ል. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አደረጋት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሁልጊዜ የእርሷ አማኝ እንዲሆን ደነገገ። ያው ሕገ መንግሥት የሰው ሁሉ እኩልነትንም ያውጃል። እኩልነቱ በአንድ ገጽ፣ ብልጫው በሌላ ገጽ፣ ፊርማው ግን የአንድ ሰው ነው። የአንዱ ወገን ሃይማኖት የመንግሥት፣ የሌላው ብቻ የግል ከሆነ፣ ሃይማኖት የግል ነው ማለት ለማን የተነገረ ቃል ነው?

ሙስሊሙ በመንግሥት አንደበት ይጠራ የነበረው በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም እየተባለ ነበር። ኢትዮጵያዊ ሙስሊም አይባልም። ለሰሚው ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ተከራይና ባለቤት ግን በአንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ የሚለያቸው ይህችው ቃል ናት። ሙስሊም ከፍ ባለ ሹመት ላይ ማየት ብርቅ ነበር፤ በብዙ የሰሜን አገርም ርስት አይደርሰውም ነበር። በጎንደር ሙስሊሙ ለብቻው እንዲሰፍር የተወሰነው ገና በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ጊዜ ነው። መሬት የተነፈገው ሰው ሸማኔና ነጋዴ ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ሸማኔነቱ ተናቀ። ይህን ጃንሆይ አልጀመሩትም። ሥልጣኑን ሁሉ በእጃቸው ይዘው አርባ ዓመት ሙሉ ግን አላፈረሱትም።

ለሰውየው የሚገባቸውን አለመስጠት ደግሞ ሌላ ግፍ ነው። የቃዲዎችና የናኢባዎች ፍርድ ቤቶች በሕግ የታወቁት በእሳቸው ዘመን ነው። ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ (አላህ ይዘንላቸው) የደከሙበት የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም በ1961 ዓ.ል. የታተመው በእሳቸው ፈቃድና ትእዛዝ ነው። ያን መጽሐፍ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ እናገኘዋለን፤ አረብኛ የማያውቁ እናቶቻችን የጌታቸውን መልእክት የተረዱት በእርሱ ነው። ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን እዚህም ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍርድ ቤቱም፣ ትርጉሙም፣ ታላላቅ ሙስሊሞችን በቤተ መንግሥት መቀበሉም እንደ ችሮታ ነበር። በ1952 ዓ.ል. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አንድም ነገር ሳይናገር ዝም አለ፤ ፍርድ ቤቶቹ በልማድ ብቻ ቀጠሉ፣ ውል እንደሌለው ተከራይ። ችሮታ ሰጭው ሲፈልግ ይሰጠዋል፣ ሲፈልግ ያነሣዋል፤ ተቀባዩም ሁልጊዜ እጅ መንሳት አለበት። መብት ግን እጅ አያስነሣም። ልዩ መብት የለመደ ሰው ይህን ልዩነት ለማየት ይቸገራል። ለጋስ መሆኑን ያውቃልና ፍትሐዊ የሆነ ይመስለዋል። በእኔ ግምት ጃንሆይ አስመሳይ አልነበሩም። የተናገሩትን ያመኑበት ይመስለኛል፤ ቃሉ ወደ ገዛ ቤታቸው ሲዞር ግን አላወቁትም።

በ1955 ዓ.ል. የአፍሪቃ መሪዎችን አዲስ አበባ ሰበሰቡ። በ1956 ዓ.ል. መስከረም ላይ ደግሞ በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት፣ አንዱ ዘር አንደኛ ሌላው ሁለተኛ ዜጋ የሚሆንበት ሥርዓት እስካልጠፋ ድረስ ዓለም ሰላም እንደማታገኝ አስረዱ። ያ ንግግር በኋላ በጃማይካዊ ዘፋኝ ዜማ ዓለምን ዞረ። በዘር ፈንታ ሃይማኖት የሚለውን ቃል አስገብቶ ንግግሩን ለራሳቸው ለተናጋሪው መልሶ የሚያነብላቸው ሰው በዙሪያቸው አልነበረም።

መልሶ ያነበበላቸው ሕዝቡ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ል. ወደ መቶ ሺህ ይጠጋል ተብሎ የሚገመት ሰው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ወጣ። ከሙስሊሙ ጋር ብዙ ክርስቲያኖች፣ በተለይም ተማሪዎች፣ አብረው ተሰለፉ፤ ይህን መዘንጋት አይገባም። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓላቶቻችን ይከበሩ፣ መሬትና ሹመት አይከልከለን፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ተብለን እንጠራ አሉ። ልብ ብሎ ላየው ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ጃንሆይ በጄኔቭና በኒውዮርክ ከዓለም የጠየቁትን ነው ከጃንሆይ የጠየቁት። ሰማንያ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሊይዙ የተቃረቡት ንጉሥ የዕድሜ ልክ ቃላቸው እንደ ዕዳ ደብዳቤ ተዘርግቶ ቀረበላቸው።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ብቆርጠው ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ጋዜጣውን እናጥፍ ነበር። ነገር ግን የሱረቱ ሶፍን መግቢያ የቀራ ሰው፣ የማይሠሩትን በመናገር ላይ የወረደው ወቀሳ ለነገሥታት ሳይሆን ላመኑት የተነገረ መሆኑን ያውቃል። እናም ወደ ኮልፌ ልመለስ። የብዙዎቻችን አባቶች ከመጡበት አገር በእንጨትና በቆዳ ሥራቸው፣ በሸክላቸው የተነሣ ፉጋ የሚል ስም ተለጥፎባቸው መሬት የተነፈጉ፣ ጋብቻ የተነፈጉ ወገኖች ነበሩ። የቤታችንን ምሰሶ አቆሙልን፤ ማዕዳችንን ግን አላካፈልናቸውም። ከእነርሱ ሸሃዳ ይዘው አብረውን የሚሰግዱ አሉ። ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ እንገጥማለን፤ ሶላቱ አልቆ የኒካሕ ነገር ሲነሣ ግን ሽማግሌው ጉሮሮውን ይጠርግና የዘር ሐረግ መቁጠር ይጀምራል። በየኹጥባው ስለ ቢላል (ረ.ዐ.) እናለቅሳለን። ቢላል ሽማግሌ ልኮ በራችንን ቢያንኳኳ ከስንታችን ቤት ሴት ልጅ ያገኝ ነበር? ሸማኔ ነው ብለው ከርስት ያስወጡን ሰዎች ያደረጉብን ነገር እኛ በሸክላ ሠሪው ላይ ካደረግነው በምን ይለያል? እኔም ራሴን ከዚህ አላወጣም። በዘመድ ምክር ላይ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ሰምቼ ዝም ያልሁበት ቀን አለ፤ ያን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወደ ጃንሆይ ልመለስና ላብቃ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ል. ወታደሮች በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን አስገብተው ከቤተ መንግሥታቸው ወሰዷቸው። በዚያው ዓመት ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወጁ፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ሙስሊሙ ገበሬም እንደ ጎረቤቱ መሬት ደረሰው። ቃሉን ወደ ሥራ የቀየረው ለሃይማኖት ሁሉ ክፉ የነበረ ወታደራዊ መንግሥት ሆነ። ነሐሴ 21 ቀን በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ። ደርግ በሕመም ነው አለ፤ በኋላ በፍርድ ቤት የቀረበው ማስረጃ ግን መገደላቸውን አሳየ። አፅማቸው በ1984 ዓ.ል. ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተገኝቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ል. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት ዐረፈ። በሚያዝያ 1966 ሰልፍ ከተጓዙት ሰዎችም ስንቶቹ ዛሬ በኮልፌ ሙስሊም መቃብር ተኝተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። መቃብሩ ላይ ሠሪና አሠሪ፣ ባለ ርስትና ባለ ሸክላ ጎን ለጎን ነው የተቀበሩት፤ እዚያ የሚጠይቅ ሽማግሌ የለም።