ሳይከፍቱ ውስጥን ያዩት ሰው



የኩፓት ሆሊም ሐኪም ሲቲ ተነሱ ብሎ ወረቀት ሲሰጠን ብዙዎቻችን እንደነግጣለን። የነቀርሳን ስም መጥራት እንኳ ስለሚከብደን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትተን ዝም የምንልም አለን። ዛሬ መሣሪያውን የፈለሰፉትን ሰው ታሪክ እናጫውታችሁ።

ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1919 በእንግሊዝ አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነበሩ። በልጅነታቸው የእርሻ መሣሪያ መነካካት ይወዱ ነበር፤ ራሳቸው በሠሩት ክንፍ ለመብረር ከድርቆሽ ክምር ላይ ይዘሉም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየር ኃይል ገብተው የራዳር አስተማሪ ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምረው ዲፕሎማ አገኙ፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ግን አልነበራቸውም። በኋላም ኢ.ኤም.አይ በተባለው ኩባንያ ተቀጥረው በራዳርና በኮምፒዩተር ላይ ሠሩ።

በዚያ ዘመን ራጅ አጥንትን እንጂ አንጎልን ለይቶ አያሳይም ነበር። ሐኪሞች በጀርባ አጥንት በኩል አየር እያስገቡ ያነሡ ስለነበር ሕመምተኛው ብዙ ይሠቃይ ነበር። በ1967 ሃውንስፊልድ አንድ ነገር አሰቡ፤ የተዘጋ ሣጥን ሳይከፈት ከዙሪያው ሁሉ ጨረር ቢያልፍበት በውስጡ ያለው ይታወቃል አሉ። የሰንበት ዳቦ ተቆርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደሚታይ ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩ ልኬቱን አስልቶ የሰውነትን ስስ ስስ ቁራጭ በሥዕል ያወጣል። ቢላ ግን አይነካንም።

የመጀመሪያውን ሙከራ በቶርኖ ማሽን ላይ ሠሩት። አንዱን ምስል ለማንሣት 9 ቀን ፈጀ። ቀጥሎ ትኩስ የከብት አንጎል አስፈለጋቸው። በተራው ቄራ ከብቱ ጭንቅላቱን ተመትቶ ስለሚታረድ አንጎሉ ደም ይቋጥርና ምስሉን ያበላሸው ነበር። ስለዚህ በምሥራቅ ለንደን ከሚገኝ የኮሸር ቄራ አስመጡ። በሸሂታ የታረደው ከብት አንጎል ያልተጎዳ ነበርና ምስሉ ጠራ። የእርዳችን ሥርዓት በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጥቅምት 1 ቀን 1971፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ለንደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ዕጢ አለባት ተብላ የተጠረጠረች ሴት በሲቲ ተነሣች። ዕጢው ያለበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ታየ። ቀዶ ሐኪሙም ሲከፍተው እንደ ምስሉ ሆኖ አገኘው።

በ1979 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ከአለን ኮርማክ ጋር ተካፈሉ። ኮርማክ ዮሐንስበርግ ተወልደው ስሌቱን ቀደም ብለው ለብቻቸው የሠሩ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ሁለቱም ሐኪሞች አልነበሩም። ሃውንስፊልድ ሳያገቡ፣ ኑሯቸውን ሳያገንኑ ኖረው በ2004፣ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ሐኪሞች በሲቲ ምስል ላይ የሰውነትን ጥግግት የሚለኩበት መለኪያ በስማቸው ይጠራል፤ ውሃ 0 ነው፣ አየር ከ0 በታች 1000።

እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ሲቲ በጨረር ስለሚሠራ ለምን እንደታዘዘላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ልጆቻችሁም ያስረዷችሁ። ወረቀቱን ግን መሳቢያ ውስጥ አትተዉት። ዕጢ በጊዜ ሲታይ ማከሙ ይቀላል።