ፍርሃትን ቆጥራ የመረመረች ሴት

በዚህ እትም የአይዳ ዌልስን የሕይወት ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደድን። በአገሯ በአሜሪካ ጥቁር ሰው ለምን እንደሚፈራ በቁጥር የመረመረች ጋዜጠኛ ነበረችና። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አይዳ በ1862 በሚሲሲፒ ግዛት፥ ሆሊ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ፥ ባርነት ሳይቀር ተወለደች። በ1878 የቢጫ ወባ ወረርሽኝ እናትና አባቷን፥ ሕፃን ወንድሟንም ጭምር ወሰደባት። የአባቷ ወዳጆች ልጆቹን ለየቤቱ እናከፋፍላቸው ቢሉ የ16 ዓመቷ አይዳ አሻፈረኝ ብላ፥ አስተማሪ ሆና ታናናሾቿን ማሳደግ ጀመረች። ኋላም ወደ ሜምፊስ ከተማ ሄደች። እዚያ ሳለች የሴቶች ፉርጎ ቲኬት ገዝታ ከተቀመጠችበት የባቡሩ ተቆጣጣሪ ጎትቶ ሊያስነሳት ቢሞክር እጁን ነከሰችው። ሦስት ሰዎች ሆነው አስወጧት። ከስሳ በ1884 500 ዶላር ተፈረደላት፤ በ1887 ግን የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው።

በሜምፊስ ቶማስ ሞስ የሚባል ፖስታ አዳይ ወዳጅ ነበራት። ለልጁም የክርስትና እናት ነበረች። ሞስ ከጓደኞቹ ጋር በከተማው ዳርቻ የምግብ ሸቀጥ መደብር ከፈተ። እዚያው ሰፈር አስቀድሞ ብቻውን ይነግድ የነበረ አንድ ነጭ ነበርና ይህ አላስደሰተውም። ጠቡ የተነሣው በልጆች የብይ ጨዋታ ነው። የጥቁርና የነጭ ልጆች ተጣሉ፤ ታላላቆች ገቡበት፤ መደብሩ ሊወረር ነው የሚል ወሬ ተሰማ። መጋቢት 5 ቀን 1892 ሌሊት የጦር መሣሪያ የያዙና የደንብ ልብስ ያልለበሱ ሰዎች ሲመጡ፥ ውስጥ የነበሩት ጠባቂዎች ተኩሰው ሦስቱን አቆሰሉ። የመጡት ለካ የሕግ አስከባሪዎች ኖረዋል። በማግሥቱ የነጮች ጋዜጦች መደብሩን የወንበዴ ዋሻ አድርገው ጻፉ፤ ከተማው በፍርሃት ተናጠ። መጋቢት 9 ሌሊት፥ የቆሰሉት እንደሚድኑ ከታወቀ በኋላ፥ መንጋው ሞስንና ሁለት ጓደኞቹን ከወህኒ ቤት አውጥቶ ከከተማው ውጭ ረሸናቸው። መደብሩ ተዘረፈ፤ የተረፈውም ዕቃ በአበዳሪዎች ተሸጦ ተዘጋ። እንግዲህ ፍርሃቱ ማንን እንደጠቀመ ልብ እንበል።

እስከዚያ ቀን ድረስ አይዳ ራሷ፥ ያለ ፍርድ የሚገደሉት ጥቁሮች ሴት የደፈሩ ናቸው ሲባል ታምን ነበር። ሞስ ግን እንዲህ ያለ ክስ እንኳ አልቀረበበትም። ስለዚህ ሌሎቹንስ ምን አድርገው ነው የገደሏቸው ብላ መመርመር ጀመረች። ማንም እንዳያስተባብላት የነጮቹን ጋዜጦች ዘገባ ወሰደች፤ እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ብልሃቷ ነው። በ8 ዓመት ውስጥ ከተገደሉት 728 ሰዎች በመድፈር የተከሰሱት እንኳ ሲሶው ብቻ ሆነው ተገኙ። ተከሰሱ እንጂ አልተፈረደባቸውም። ከቀሩት ከነጭ ጋር በመጣላት ብቻ የሞተ ነበር። በፈቃድ የሆነ ወዳጅነት ሲገለጥም መድፈር ይባል እንደ ነበር በጋዜጣዋ ላይ ጻፈች። ይህን ጊዜ ሜምፊስ ተቆጣ፤ በግንቦት ወር እርሷ በሌለችበት ማተሚያ ቤቷን ሰባበሩት፤ ብትመለስ እንደምትገደልም ተነገራት። እርሷ ግን ከኒው ዮርክ ሆና መጻፍ ቀጠለች። በ1893 እና በ1894 ወደ እንግሊዝ ተሻግራ ጉዳዩን አስረዳች።

በ1895 አግብታ በቺካጎ ተቀመጠች፤ እዚያም በቤተ ክርስቲያን ለወጣት ወንዶች በየሰንበቱ መጽሐፍ ቅዱስ ታስተምር ነበር። በነሐሴ 1908 በዚያው ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ መንጋ ተነሥቶ የጥቁሮችን ቤት አቃጠለ፤ ሁለት ሰዎችንም ያለ ፍርድ ገደለ። ሰበቡ የአንዲት ነጭ ሴት ክስ ሲሆን፥ ሐሰት መሆኑን በኋላ ራሷ አመነች። አይዳ በሰንበት ክፍሏ ስለዚህ ተናግራ፥ እንመካከር ብላ ወጣቶቹን ወደ ቤቷ ጠራች። ከ30 ያህሉ የመጡት 3 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ ሦስቱ ማኅበር ተጀመረ። በ1910 ከደቡብ ለሚመጡ ጥቁር ወጣቶች የንባብ ክፍልና ማደሪያ ያለው ቤት ተከፈተ፤ ሥራም ይፈለግላቸው ነበር። ገንዘብ ሲጠፋ አይዳ በፍርድ ቤት ተቀጥራ ደመወዟን ለዚሁ ታውለው ነበር። ቤቱ እስከ 1920 ቆየ። እርሷም መጋቢት 25 ቀን 1931 በቺካጎ ዐረፈች። በመንጋ ያለ ፍርድ መግደልን በመላው አሜሪካ ለይቶ ወንጀል ያደረገው ሕግ የተፈረመው በ2022 ነው።