የሲ ቋንቋ አባት ዴኒስ ሪቺ እና የፊደል መልክ

የብራና ጸሐፊ ሁለት ቀለም ቀምሞ ይቀመጣል፤ ጥቁርና ቀይ። ጽሑፉን በጥቁሩ ያወርዳል። የድንግል ማርያም ወይም የቅዱሱ ስም ሲደርስ ወደ ቀዩ ይሻገራል፤ ስሙ ሲያልቅ ወደ ጥቁሩ ይመለሳል። ቃሉ በጥቁርም ተጻፈ በቀይ ያው ቃል ነው። የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው።

ዛሬ በእጅ ስልካችን የምናነበው ጽሑፍ ሲደምቅ፣ ሲያዘነብል ወይም ቀለም ሲቀይር የሚከተለው ሥርዓት ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ይህ ሥርዓት በኮምፒዩተር ውስጥ ሥር ሲሰድ በቅርብ የነበረ፣ ማሽኖቹ የሚታዘዙበትንም ቋንቋ ያበጀ ሰው ነበር። ስሙ ዴኒስ ማክአሊስቴር ሪቺ ይባላል። ስሙን የማያውቅ እንኳ ሥራውን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ሪቺ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ብሮንክስቪል በምትባል ሥፍራ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ኢትዮጵያ ከፋሺስት ወረራ ነፃ የወጣችበት ዓመት ሊጠናቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ አሊስቴር ሪቺ በቤል ቤተ ሙከራ የስልክ መስመሮችን የሚያገናኙ ማዞሪያዎችን አሠራር ያጠና የነበረ ሳይንቲስት ነው። ቤተሰቡ ወደ ኒውጀርሲ ተዛውሮ ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በሰሚት ከተማ ጨረሰ። ከዚያም ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1963 በፊዚክስ ተመረቀ። ተማሪ ሳለ ስለ ዩኒቫክ ኮምፒዩተር አሠራር የሰማው አንድ ገለጻ ልቡን ወደ ማሽኖች ሳበው።

በዚያው በሐርቫርድ ለዶክትሬት የሚያበቃውን ጥናት በ1968 አዘጋጀ። ጥናቱ በፕሮግራም አወቃቀርና በስሌት ውስብስብነት ላይ ያተኮረ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የተጠረዘ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲገባለት ይጠይቃል። ሪቺ ይህን ሳያደርግ ቀረ። ድግሪውንም ሳይቀበል ቀረ። እህሉን አጭዶ፣ ወቅቶና አበጥሮ ከጨረሰ በኋላ ጎተራ ሳያስገባ አውድማው ላይ ትቶ እንደሄደ ገበሬ ነው። በይዘቱ ሳይሆን በጥራዙ ምክንያት ዶክተር ሳይባል የቀረው ይህ ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሌሎችን ጽሑፍ መልክ በማስያዝ ሥራ ኑሮው መቃናቱ የሚያስደንቅ ነው።

በ1967 አባቱ ይሠራበት በነበረው በቤል ቤተ ሙከራ ተቀጥሮ ነበር። ቤተ ሙከራው ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር በመሆን መልቲክስ የተባለ ግዙፍ ስርዓተ ክወና ለመሥራት ገንዘብና ጊዜ አፍስሷል። ስርዓተ ክወና ማለት ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያድሩበት፣ ማሽኑን የሚያስተዳድር ዋናው ፕሮግራም ነው። ሥራው ሲጓተት በ1969 ቤል ከኅብረቱ ወጣ። ሪቺና ባልደረባው ኬን ቶምፕሰን ሜዳ ላይ ቀሩ። ቶምፕሰን ብዙ ሰው የማይፈልጋትን ፒዲፒ-7 የተባለች አነስተኛ ማሽን አግኝቶ የራሱን ስርዓተ ክወና ይጽፍባት ጀመር፤ ሪቺም አገዘው። ኋላ ዩኒክስ የተባለው ይህ ነው።

ማሽኗ ግን አትበቃም ነበር። የተሻለ ይገዛልን ብለው ደጋግመው ጠየቁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ በመልቲክስ የከሰረው አስተዳደር ለስርዓተ ክወና ምርምር ገንዘብ አልሰጥም አለ። በዚህ ጊዜ ጆ ኦሳና የተባለ ባልደረባቸው ያለበት ቡድን ሌላ በር አንኳኳ። ጥያቄው ተለወጠ፤ የምንፈልገው ጽሑፍ ለማዘጋጀት የሚያገለግል ማሽን ነው ተባለ። ዋጋውም ወደ 65 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። አስተዳደሩ ፈቀደ፤ በ1970 ፒዲፒ-11 የተባለው ማሽን መጣ።

እንግዲህ ቃላቸውን መጠበቅ ነበረባቸው። የቤተ ሙከራው የፈጠራ ባለቤትነት ክፍል፣ የተመራማሪዎችን ፈጠራ ለመንግሥት የሚያስመዘግብ ጽሕፈት ቤት፣ ማመልከቻዎቹን የሚያዘጋጅበት መሣሪያ ይፈልግ ነበር። ማመልከቻዎቹ መልካቸው የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ መሥመር ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በገበያ ላይ ያለው መሣሪያ ይህን አይችልም። ሪቺና ቶምፕሰን ሮፍ የተባለውን የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም ከነባር ሥራዎች ወርሰው ለአዲሱ ማሽን አሰናዱት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጸሐፊዋ ጽሑፏን እንደወትሮው ትጽፋለች፤ መልክ መለወጥ ባስፈለጋት ቦታ በመሥመሩ መጀመሪያ ላይ ነጥብ ጥላ ከጎኑ በሁለት ፊደል ትእዛዝ ትሰጣለች። ይህ መሐል ይሁን፣ እዚህ መሥመር ይዘለል እንደማለት። ትእዛዙ በወረቀቱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ውጤቱ ነው።

በ1971 ሁለተኛ አጋማሽ የዚያ ክፍል ሦስት ጸሐፊዎች ቀኑን ሙሉ በዚህ ማሽን ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። እነ ሪቺ ደግሞ በዚያችው ማሽን፣ በዚያው ሰዓት፣ ገና ያልተፈተኑ ፕሮግራሞቻቸውን ይሞክራሉ። የማሽኗ ማስታወሻ በጠቅላላው 24 ኪሎ ባይት ነበር፤ ዛሬ አንድ ተራ የስልክ ፎቶግራፍ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዲስኳ ግማሽ ሜጋ ባይት ስለሆነ በየጥቂቱ ሰዓት የጸሐፊዎቹን ሥራ ወደ ቴፕ እያወጡ ቦታ ማስለቀቅ የግድ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው፣ አንዱን ፕሮግራም ከሌላው የሚከልል አጥር አልነበራትም። የአንዱ ስሕተት ማሽኗን ሁሉ ሊጥል፣ የሦስት ሴቶችንም የድካም ፍሬ ይዞ ሊሄድ ይችላል። አዲስ ነገር መሞከር ጥንቃቄም ድፍረትም ይጠይቅ ነበር። ሆኖም ሥራው ተሳካ፤ ክፍሉ ዩኒክስን ተቀበለ። አስተዳደሩም ለቡድኑ የተሻለ ማሽን ገዛ። ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ ሲነገር የእነዚህ ጸሐፊዎች ድርሻ እምብዛም አይነሣም። ያለ እነሱ ግን ዩኒክስ ወዴት ይደርስ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

ሲ ቋንቋ የተወለደው በዚሁ ግርግር መካከል ነው። ቶምፕሰን ቢ የሚባል አነስተኛ ቋንቋ ነበረው። ቢ አንድን ፊደልና አንድን ትልቅ ቁጥር ለይቶ አያውቅም፤ አዲሱ ማሽን ደግሞ ፊደልን በአንድ ባይት ለይቶ የሚይዝ ነው። ሪቺ ከ1971 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ቋንቋውን እያሻሻለ ለፊደል የራሱን ዓይነት፣ ለቁጥር የራሱን ዓይነት ሰጠውና ሲ ብሎ ሰየመው። በ1973 ዩኒክስ በሲ እንደገና ተጻፈ። ከዚያ በፊት ስርዓተ ክወና በአብዛኛው የሚጻፈው ለአንድ ማሽን ብቻ በሚሆን ቋንቋ ነበርና ማሽኑ ሲያረጅ ሥራው አብሮ ያረጅ ነበር። በሲ የተጻፈው ግን ከማሽን ወደ ማሽን ሊዛወር ቻለ።

በዚያው ዓመት ገደማ ቤተ ሙከራው ካት የሚባል የፎቶ ማተሚያ አገኘ። ውስጡ የሚሽከረከር ከበሮ አለ፤ በከበሮው ላይ አራት የፊደል ዓይነቶች በፊልም ተቀርጸው ተጠቅልለዋል። ብርሃን ብልጭ ሲል የተፈለገው ፊደል ጥላ በፎቶ ወረቀት ላይ ያርፋል። ኦሳና ለዚህ ማተሚያ ትሮፍ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ፤ ቆይቶም ወደ ሲ ተዛወረ። ጸሐፊው ከዚህ ጀምሮ ደማቅ፣ ከዚህ ጀምሮ ያዘነበለ፣ እዚህ ጋ ተለቅ ይበል ብሎ ማዘዝ ቻለ። ኦሳና በ1977 አረፈ፤ ሥራውን ብራያን ከርኒሃን ተረከበ።

ሪቺና ከርኒሃን በ1978 ስለ ሲ ቋንቋ ያሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ሁሉ ምስክር ነው። የገጾቹን መልክ ያሰናዱት ደራሲዎቹ ራሳቸው በዚያው ፎቶ ማተሚያ ነው። ማብራሪያው ታይምስ ሮማን በተባለው ቅርጸ ፊደል፣ የፕሮግራም ምሳሌዎቹ ደግሞ ስፋታቸው እኩል በሆነው ኩሪየር ተለቀሙ። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ የሰውን ንግግርና የማሽኑን ትእዛዝ በዓይኑ ይለያል። ጥራዝ አላስገባም ብሎ ድግሪ ያጣው ሰው በዚህ ገጽ ላይ ምን ያህል እንደተጠበበ ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሲ ቋንቋ ራሱ ስለ ደማቅ ወይም ስለ ቀይ ጽሑፍ አንዳች አያውቅም። ማተምን እንኳ ከቋንቋው አካል አውጥቶ ለብቻው ላለ የመሣሪያ ክምችት ትቶታል። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ፊደሎችን በተራ ወደ ስክሪኑ መላክ ነው። ቀለሙን የሚለውጠው ስክሪኑ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በወጣው ደረጃ መሠረት፣ ከጽሑፉ ፊት የማይታይ ምልክት ይላካል። የምልክቱ ቁጥር 27 ነው፤ በሲ ሲጻፍ \033 ይሆናል። ቀጥሎ [ የሚለው ቅንፍ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ኤም የምትባለው የላቲን ፊደል ትገባለች። ቁጥሩ 1 ሲሆን ጽሑፉ ይደምቃል፤ 4 ሲሆን ከሥሩ ይሠመርበታል፤ 31 ቀይ፣ 32 አረንጓዴ ያደርገዋል። 0 ሁሉን ወደነበረበት ይመልሳል። ይህ 0 ከተረሳ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይቀጥላል፤ ወደ ጥቁሩ መመለስ እንደዘነጋው የብራና ጸሐፊ ማለት ነው። የቅርጸ ፊደሉን ዓይነትና መጠን መለወጥም እንዲሁ ከቋንቋው ውጭ፣ በስክሪኑ ወይም በሌላ የሥዕል መሣሪያ የሚከናወን ነው። ፕሮግራመር ቋንቋውን መውቀስ አይገባውም፤ ሪቺ ቋንቋውን ትንሽ ያደረገው ሆን ብሎ ነው።

የዚህ ትንሽነት ዋጋ ወደ እኛም ደርሷል። ለፊደል የተመደበው አንድ ባይት ከ256 በላይ ምልክት አይለይም። ለእንግሊዝኛ ይተርፋል፤ ለግዕዝ ፊደል ግን፣ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ከነዲቃሎቻቸው፣ ከነቁጥሮቻቸውና ከነሥርዓተ ነጥቦቻቸው ሲቆጠሩ ከ300 ስለሚበልጡ አይበቃም። መፍትሔው ከዚያው ቤተ ሙከራ ወጣ። በ1992 ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በኒውጀርሲ በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው ዩቲኤፍ-8 የተባለውን ዘዴ ነደፉ። በዚህ ዘዴ አንድ ፊደል እንደአስፈላጊነቱ ከአንድ በላይ ባይት ይይዛል፤ የሲ ነባር ፕሮግራሞችም ሳይፈርሱ ይቀጥላሉ። በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን ሲያገኝ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ተመደበለት። በስልክዎ የደረሰ የአማርኛ ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየዎት ቃሉ አልጠፋም፤ የጠፋው መልኩን የሚሰጠው ቅርጸ ፊደል ነው።

ሪቺና ቶምፕሰን በ1983 በኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ። በ1999 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ አጠለቁላቸው። ሪቺ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ስለ ራሱ ማውራት የማይወድ ሰው ነበር። አላገባም። በ2007 ጡረታ ወጥቶ በኒውጀርሲ በርክሌይ ሃይትስ ብቻውን ይኖር ነበር።

ኦክቶበር 12 ቀን 2011፣ በእኛ ጥቅምት 1 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በቤቱ ሞቶ ተገኘ። የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስ ያረፈው ከሳምንት በፊት ነበር። ዓለም ስለ ጆብስ ብዙ ጻፈ፤ የሪቺ ዜና ግን በትንሽ ዓምድ አለፈ። የጆብስ ስልክ ስርዓት ከዩኒክስ የዘር ሐረግ የወጣ ነው። በገጠር ከተሞቻችን ገበያ የሚሸጡት የአንድሮይድ ስልኮች ሊኑክስ የተባለውን እምብርት ይዘዋል፤ እሱም በአብዛኛው በሲ የተጻፈ ነው።

ሳይጠረዝ የቀረው ጥናት ለረጅም ዘመን የጠፋ ይመስል ነበር። አንድ ቅጂ ተገኝቶ በካሊፎርኒያ ለሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ቤተ መዘክር ተሰጠ። በ2020 ገጾቹ ለሕዝብ ክፍት ሆኑ፤ አሁን ማንም በስልኩ ከፍቶ ሊያያቸው ይችላል።