እቴጌ እሌኒ እና የመርጡለ ማርያም ጥርብ ድንጋዮች፦ ጥንታዊውን ከኋለኛው የመለየት ጥያቄ

በምሥራቅ ጎጃም እነብሴ ሳር ምድር የሚገኘው የመርጡለ ማርያም ገዳም ምሥረታው በቦታው ትውፊት እስከ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ይደርሳል። በቅጥሩ ውስጥ የሚታየው ባለ አራት ማዕዘን ፍርስራሽ በሐረግና በአበባ ቅርጽ የተጌጡ ጥርብ ድንጋዮችን ይዟል። እነዚህ ድንጋዮች በእቴጌ እሌኒ ዘመን የተቀረጹ ናቸው ወይስ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በመጡት ኢየሱሳውያን የተሠሩ የሚለው ጥያቄ አጥኚዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። መልሱ ከሥነ ሕንፃ አልፎ የእቴጌይቱን የሕይወት ታሪክ የሚነካ ነው።

እሌኒ የሐድያው ገዥ የመሐመድ ልጅ ነበሩ። ክርስትና ተነሥተው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባለቤት ሆኑ፤ ቀኝ በዓልቴሐት የሚለውንም ማዕረግ አገኙ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ክብራቸው አልቀነሰም። ወላጅ እናታቸውን ያጡት ዐፄ በእደ ማርያም እንደ እናት አከበሯቸው፤ በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመንም ምክራቸው ይሰማ ነበር። በ1508 ዐፄ ናዖድ ሞተው ልብነ ድንግል በልጅነታቸው ሲነግሡ፣ አገሪቱን በሞግዚትነት የማስተዳደሩ ኃላፊነት በአብዛኛው በእሌኒ ላይ ወደቀ።

በዚህ ሥልጣናቸው ከፈጸሟቸው ተግባራት ዋነኛው ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል መላካቸው ነው። ማቴዎስ በ1512 ጎዋ ሲደርስ አልቡከርክ በክብር ቢቀበለውም፣ ሌሎች ሹማምንት ሐሰተኛ መልእክተኛ ወይም ሰላይ ነው ብለው ጠረጠሩት። ወደ ሊዝቦን ሲጓዝም በመርከብ ላይ እንግልት ደረሰበት። በ1514 ንጉሥ ማኑኤል ግን የያዘውን ደብዳቤና የመስቀል ክፋይ ተቀብለው እውነተኛ መልእክተኛ መሆኑን አረጋገጡ። የአጸፋው መልእክት በ1520 ምጽዋ ሲደርስ አብሮ የተመለሰው ማቴዎስ ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ከዚህ ልዑክ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እሌኒ በጎጃም ርስታቸው ላይ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ማሠራታቸውን ዘግቧል። ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያም በወርቅ ያጌጠው መንበር ሲሠራ ሐሳቡን እንደ ተጠየቀ ጽፏል። እቴጌይቱ በ1522 አረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1530ዎቹ ጦርነት ተቃጠለ። በ1620ዎቹ መጨረሻ ገደማም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳዊው ብሩኖ ብሩኒ በዚያው ቦታ የግንባታ ሥራ መራ። በመሆኑም ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ የአንድ ዘመን ሥራ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም።

ዘመኖቹን ለመለየት ሦስት ዓይነት ማስረጃ በአንድነት መመርመር አለበት። የመጀመሪያው ማያያዣው ነው። ኖራ በአገሪቱ ግንባታ በሰፊው የተለመደው በ1620ዎቹ በመሆኑ፣ በኖራ የተያያዘ ግድግዳ በዚያን ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ እንደ ተገነባ ይገመታል። ይሁንና ኖራው የሚመሰክረው ድንጋዩ ግድግዳው ላይ የተቀመጠበትን ጊዜ እንጂ የተቀረጸበትን ጊዜ አይደለም። ሁለተኛው የድንጋዩ አቀማመጥ ነው። ሐረጉ በመጋጠሚያው ላይ ከተቋረጠ፣ ቅርጹ ከተዘቀዘቀ፣ ወይም የእሳት ጠባሳው በኖራ ሥር ተሸፍኖ ከተገኘ፣ ድንጋዩ ከቀደመ ሕንፃ ተነሥቶ ዳግም ጥቅም ላይ እንደ ዋለ ያመለክታል። ሦስተኛው ንጽጽር ነው። በዐፄ ናዖድ ተጀምሮ በልብነ ድንግል የተፈጸመው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1531 ስለ ተቃጠለና ኢየሱሳውያን ዳግመኛ ስላልሠሩት፣ ከዚያ የተረፈ ቅርጽ የእሌኒን ዘመን ጥበብ ለመለየት አስተማማኝ መነሻ ይሆናል። ነገር ግን የኋለኛ ጠራቢ ከአጠገቡ የቆመውን አሮጌ ቅርጽ አስመስሎ ሊሠራ ስለሚችል፣ የቅርጹ ተመሳሳይነት ብቻውን አይበቃም፤ የመሮው አሻራና የድንጋዩ ዓይነትም አብረው መታየት አለባቸው።

ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል ስሕተቱ በሁለት አቅጣጫ ይመጣል። ሁሉንም ድንጋይ ለጥንቱ ዘመን መስጠት የእሌኒን ድርሻ በትውፊት ውስጥ ያሰጥማል፤ ሁሉንም ለኢየሱሳውያን መስጠት ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረውን የአገር ውስጥ የድንጋይ ጥበብ ይክዳል። የማቴዎስ እውነተኛነት የተረጋገጠው በመልኩ ወይም በአመጣጡ ሳይሆን ይዞት የመጣው ማስረጃ በመመርመሩ ነበር። የላኩት እቴጌ ያሠሩት ሕንፃም ድንጋይ በድንጋይ እንዲህ ሊመረመር ይገባዋል።