አበበ ቢቂላ፡ ከሁለት ወርቅ በኋላ እንደገና ጀማሪ

ሻምበል አበበ ቢቂላ ሲባል የስፖርት ቤተሰቡ ቶሎ የሚያስበው ሮምን ነው። ባዶ እግሩን፣ በምሽት፣ ብቻውን ወደ ወርቁ ሲሮጥ። ብዙም የማይወራለት ሌላ አበበ ግን አለ። 38 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ዊልቸር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውርወራ የተወዳደረው አበበ።

ለነገሩ ሩጫውንም ቢሆን በልጅነቱ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1932 ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቅ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወልዶ፣ እንደማንኛውም የአካባቢው ልጅ ገና እየተጫወተ ነው ያደገው። ክቡር ዘበኛ ተቀጥሮ ወታደር ከሆነ በኋላ ነው ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሯጭ ያደረገው። የመጀመሪያውን ማራቶን አዲስ አበባ ላይ የሮጠው በ1960 ክረምት ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሮም ላይ ዓለምን ጉድ ያሰኘበት ውድድር ገና ሦስተኛው ማራቶኑ ነበር። ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ በ2፡12፡11 ደገመው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ሦስተኛው አልሆነም። በ1968 ሜክሲኮ ላይ በእግር ጉዳት ውድድሩን አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ለኢትዮጵያ አስቀረው። ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 1969፣ አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። ከመኪናዋ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። አንገቱ አካባቢ አከርካሪው ተጎድቶ ነበር። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲላክ እግሩን ብቻ ሳይሆን እጁንም እንደልቡ ማዘዝ አይችልም ነበር። ከወራት ሕክምና በኋላ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ይህ ሆስፒታል ዝም ብሎ ሆስፒታል አልነበረም። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የተባሉ ሐኪም አካል ጉዳተኞችን በስፖርት የሚያክሙበት ቦታ ነበር። በ1948 እዚያው ግቢ ያስጀመሩት ውድድር የቀስት ውርወራ ሲሆን ተወዳዳሪዎቹ 16 ብቻ ነበሩ። ያ ትንሽ ውድድር አድጎ ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ሆኗል። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የተካሄደው በ1960 እዚያው ሮም ውስጥ፣ አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ይህ ነገር አንድ ቀን እሱን ይመለከታል ብሎ ማን ይገምት ነበር?

ቀስት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ደጋን መሳብ ትከሻን፣ ጀርባንና ክንድን ያጠነክራል። ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ደግሞ እነዚህ ጡንቻዎች የእግርን ሥራ የሚተኩ ናቸው። ግን ከባድ ነው። ቆሞ የሚወረውር ሰው በእግሩ መሬቱን ይረግጣል፤ አበበ ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው ከወገቡ በላይ ባለው አካሉ ብቻ ነው። ለ42 ኪሎ ሜትር የተሠራው ሳንባና እግር እዚህ ብዙም አያግዝም። የሁለት ኦሊምፒክ ሻምፒዮን እንደ አዲስ ምልምል ከአንድ፣ ሁለት መጀመር ነበረበት። ያውም ዓለም ሁሉ ፊቱን እያወቀው።

አበበ አላፈረም። በ1970 ሐምሌ ወር በስቶክ ማንደቪል የዊልቸር ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ በተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄዶ፣ ተመልካች ሆኖ መቀመጥ አልሆነለትም። ቀስቱን ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒሱን ተጫወተ፣ ከዚያ አልፎ በረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት ሸርተቴ ውድድር ገባ። በረዶ የማያውቀው የሸዋ ልጅ ከ16 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጣ።

በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት በዊልቸር ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወር፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የጭንቅላት ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። አዲስ አበባ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመው ስታዲየም ለእግር ኳስ ወዳዱ እንግዳ አይደለም። እዚያ ገብቶ ጉዳት ቦታውን ያሳጣው ተጫዋች ሲያይ፣ ወይም በሠላሳ ምናምን ዓመቱ አዲስ ስፖርት መጀመር ያሳፈረው ሰው ሲያጋጥመው፣ ሮምን ብቻ ሳይሆን ደጋኑንም ማስታወስ ይገባል። በሮም አበበን የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ቢሸነፍም የሚያጣው ስም አልነበረውም። ቀስቱን ሲያነሳ ግን የሚያጣው ብዙ ነበር። አነሳው።